የምርጫ ወረቀቱ የመጨረሻ መስመር፦ በቨርጂኒያ ለሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን መራጮች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተን፣ በፌርፋክስ፣ በፕሪንስ ዊልያምና በላውደን ለምትኖሩና የአሜሪካ ዜግነት ላላችሁ ወገኖቼ፤ እንዲሁም ለአብያተ ክርስቲያናት፣ ለመስጊዶች፣ ለዕድሮችና ለአማርኛ ሬዲዮ ዝግጅቶች ኃላፊዎች በሙሉ።

ጉዳዩ፦ የቨርጂኒያ ተወካዮች ምክር ቤት ምርጫን ይመለከታል።

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 2025 ከሰዓት በኋላ አንዲት የሰፈራችን እናት ወደ ምርጫ ጣቢያ እንዳደርሳቸው ጠይቀውኝ ይዣቸው ሄጄ ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው ለብሰዋል፤ መታወቂያቸው ብቻ እንደሚበቃ ደጋግሜ ብነግራቸውም የዜግነት ምስክር ወረቀታቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ይዘዋል። ድምፃቸውን ሰጥተው ሲወጡ መምረጣቸውን የሚያሳየውን ትንሽ ተለጣፊ ነጠላቸው ጥለት ላይ ለጥፈው ፊታቸው በርቶ ነበር። ማንን እንደመረጡ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸው ግን መኪና ውስጥ ገብተው ቀበቷቸውን ሳስርላቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ከላይ ያሉትን ሞላሁ። የመጨረሻውን ስም ግን አላውቀውም፤ የማላውቀውን ሰው መርጬ ኋላ በነፍሴ ልጠየቅ?» ባዶ የተዉት መስመር የሚኖሩበትን የምርጫ ወረዳ ወክሎ ወደ ግዛቲቱ ዋና ከተማ ሪችመንድ የሚሄደውን ሰው የሚመርጡበት መስመር ነበር። ይህን ለእናንተ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።

ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እናታችን ያደረጉት ነገር ከግድየለሽነት የመጣ አልነበረም፤ እንዲያውም ከኅሊና የመጣ ነው። የከነከነኝ እኛ ወጣቶቹና ጎልማሶቹ፣ እንግሊዝኛውን የምናውቀው፣ ፕሬዚዳንት ሲመረጥ ሌሊቱን ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት የምናድረው፣ እሳቸው በኅሊናቸው የተዉትን መስመር በቸልተኝነት የምንተወው መሆናችን ነው። ከማውቃቸው ወዳጆቼ መካከል የወረዳቸውን ተወካይ ስም ሊነግሩኝ የቻሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እኔም ራሴ ዜግነት ካገኘሁ በኋላ ለብዙ ዓመታት በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የምመርጥ ሰው ነበርኩ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው በማንም ላይ ጣቴን ለመቀሰር አይደለም።

በቅድሚያ አንድ ነገር መለየት ይኖርብናል። ብዙዎቻችን «ኮንግረስ» ስንል ካፒቶል ሂል ላይ ያለውን ብቻ እናስባለን። ቨርጂኒያ ግን የራሷ ሕግ አውጪ ጉባኤ አላት፤ መነሻውም እ.ኤ.አ. በ1619 በጄምስታውን የተሰበሰበው ጉባኤ ነው። ከሁለቱ ምክር ቤቶቹ አንዱ 40 አባላት ያሉት ሴኔት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሐውስ ኦፍ ዴሊጌትስ የሚባለው 100 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤት ነው። ግዛቲቱ በ100 የምርጫ ወረዳዎች ተከፋፍላ ከእያንዳንዱ ወረዳ አንድ ሰው ይመረጣል፤ በ2020 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በአንዱ ወረዳ ውስጥ የሚኖረው ሰው 86 ሺህ ገደማ ነው። የተወካዮቹ የሥራ ዘመን 2 ዓመት ሲሆን፣ ምርጫው የሚካሄደው ፕሬዚዳንት በማይመረጥበት፣ የዋሽንግተኑ ምክር ቤትም ምርጫ በሌለበት ጎዶሎ ቁጥር ባለው ዓመት ነው። የእኛ ሰው ምርጫ አልፏል ብሎ የሚያርፍባቸው ዓመታት ናቸው፤ የሚቀጥለውም በ2027 ነው።

ይህ ምክር ቤት በእኛ ኑሮ ላይ የሚወስነው ነገር ዋሽንግተን ከሚወሰነው ያነሰ አይደለም፤ ለእኔ ግምት እንዲያውም ይበልጣል። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬድን ውሰዱ። ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠራው፣ ታክሲ የሚነዳው፣ አዛውንቶችን በየቤታቸው የምትንከባከበው፣ የራሱን ጤና ኢንሹራንስ መግዛት የማይችለው ወገናችን ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። የፌዴራሉ ሕግ ሜዲኬድን ለማስፋት በሩን ከከፈተ በኋላ የቨርጂኒያ ተወካዮች ምክር ቤት ለዓመታት አሻፈረኝ ብሎ ቆይቷል። በ2017 ምርጫ ዴሞክራቶች በአንድ ምሽት ከ34 መቀመጫ ወደ 49 ሲወጡ ምክር ቤቱ ልቡን ለወጠ፤ በ2018 አብላጫውን እንደያዙ ከነበሩት ሪፐብሊካኖችም የተወሰኑት ጭምር ደግፈውት ሕጉ ጸደቀ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ያኔ የመድን ሽፋን ያገኛሉ ተብሎ የተገመተው ሰው 400 ሺህ ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ መርፌውንና ክኒኑን ያለ ስጋት የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ዘመድ ያለው ሁሉ፣ ያ ካርድ ከዋይት ሐውስ ሳይሆን ከወረዳ ምርጫ እንደመጣ ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

የሰዓት ክፍያውም እንዲሁ ነው። ቨርጂኒያ ለረጅም ጊዜ ከፌዴራሉ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ሳትወጣ ቆይታ፣ በ2020 በወጣው ሕግ መነሻነት ዝቅተኛው ክፍያ በሜይ 2021 ወደ 9 ዶላር ከ50፣ በጃንዋሪ 2023 ደግሞ ወደ 12 ዶላር ከፍ አለ። በ2024 ሁለቱም ምክር ቤቶች ወደ 15 ዶላር የሚያደርሰውን ሕግ ቢያጸድቁም በወቅቱ አገረ ገዥ የነበሩት ግሌን ያንግኪን ሕግን ውድቅ በሚያደርጉበት ሥልጣን፣ በቪቶ መለሱት። ቪቶን ለመሻር ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ በወቅቱ ግን ዴሞክራቶቹ የነበራቸው ብልጫ 51 ለ49 ብቻ ነበር። ክፍያው መጨመሩ ሥራ ያሳጣል ብሎ የሚሰጋ የሱቅና የምግብ ቤት ባለቤት በመካከላችን እንዳለ አውቃለሁ፤ ስጋቱም ቦታ የሚሰጠው ነው። የእኔ ነገር ደጋፊም ሆነ ተቃዋሚ በዚህ ጉዳይ ድምፁ የሚሰማው ሪችመንድ መሆኑን ልብ እንድንል ነው። የመኖሪያ ወረቀታቸው ያልተስተካከለላቸው ሰዎች ሕጋዊ የመንጃ ካርድ እንዲያገኙ የፈቀደው፣ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ የሠራው ሕግም የወጣው ከዚያው ቤት ነው።

«የእኔ አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል?» የሚለውን ጥያቄ በየቡና ቤቱ እሰማዋለሁ። ለዚህ ጥያቄ ከኒውፖርት ኒውስ ከተማ የ94ኛው ወረዳ ታሪክ የተሻለ መልስ አላገኘሁም፤ ስለዚህ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ እንዳቀርበው ፍቀዱልኝ።

በዚያው በ2017 ምርጫ በ94ኛው ወረዳ ዴሞክራቷ ሼሊ ሲመንድስ የምክር ቤቱ አባል የነበሩትን ሪፐብሊካኑን ዴቪድ ያንሲን ተወዳደሩ። በመጀመሪያው ቆጠራ ያንሲ በ10 ድምፅ መሩ። ዲሴምበር 19 ቀን ድጋሚ ቆጠራ ሲደረግ ውጤቱ ተገለበጠና ሲመንድስ 11,608፣ ያንሲ 11,607 ሆነ፤ በአንድ ሰው ድምፅ ማለት ነው። ነገሩ አለቀ ሲባል በማግስቱ አንድ የድምፅ መስጫ ወረቀት ከሦስት ዳኞች ፊት ቀረበ። መራጩ የሁለቱንም ተወዳዳሪዎች ክብ አጥቁሮ፣ ከሲመንድስ ስም አጠገብ ባለው ላይ ደግሞ ጭረት አድርጎበት ነበር። ዳኞቹ ወረቀቱን አገላብጠው አይተው፣ መራጩ ጭረቱን ያደረገው ለመሰረዝ ነው ብለው ድምፁን ለያንሲ ሰጡት። እኩል ለእኩል፣ 11,608 ለ11,608 ሆነ። የቨርጂኒያ ሕግ ደግሞ ድምፅ እኩል ሲሆን በዕጣ ይለይ ይላል።

ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ሪችመንድ ላይ፣ ካሜራዎች በተደረደሩበት፣ የሁለቱ ሰዎች ስም በሁለት ወረቀት ተጽፎ በድሮ የፎቶ ፊልም ማስቀመጫ ቆርቆሮዎች ውስጥ ገባ፤ ቆርቆሮዎቹም ከሥነ ጥበብ ሙዚየም በውሰት በመጣ ሰማያዊ የሸክላ ሳህን ውስጥ ተቀመጡ። የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢ እጃቸውን ሰደው አንዱን አወጡ። የወጣው የያንሲ ስም ነበር። ዕቁብ ለምናውቅ ለእኛ ትዕይንቱ እንግዳ አይደለም፤ በዚያ ሳህን ውስጥ የነበረው ግን የአንድ ግዛት ምክር ቤት ነበር። በዚያች ዕጣ ሪፐብሊካኖች 51 ለ49 ይዘው ቀሩ፤ ሌላው ስም ቢወጣ ኖሮ ምክር ቤቱ 50 ለ50 ተከፍሎ አፈ ጉባኤውን እንኳ ማን እንደሚመርጥ መደራደር ግድ ይሆን ነበር። ሲመንድስ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሰው ተወዳድረው አሸንፈዋል። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው ያን ቀን ከኒውፖርት ኒውስ ቤቶች በአንዱ «ዛሬ ደክሞኛል፤ ይቅርብኝ» ብሎ የተኛውን ሰው ነው። ማን እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ እሱ ራሱ ግን ያውቃል።

ይህ የአንድ ጊዜ አጋጣሚ ነው የሚለኝ ካለ፣ በ2023 በፒተርስበርግ አካባቢ ያለው የ82ኛው ወረዳ ምርጫ ከድጋሚ ቆጠራ በኋላ በ53 ድምፅ እንደተወሰነ ላስታውሰው። ያን ዓመት ምክር ቤቱ በጠቅላላው የተለየው በ51 ለ49 ነው። ሃምሳ ሦስት ሰው ማለት በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሽ ተቀምጦ ቁርስ ከሚበላው ምእመን ያነሰ ቁጥር ነው። በ2025 ልዩነቱ ሰፍቶ ዴሞክራቶች 64 ለ36 አሸንፈዋል፤ ነገር ግን 55 ለ45፣ 52 ለ48፣ 51 ለ49 እያለ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲገለባበጥ የኖረ ምክር ቤት ነገ ምን እንደሚሆን የሚወስነው የየወረዳው መራጭ ነው።

አሁን ወደ ወረዳው ጉዳይ ልመለስ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ «አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው» የሚል ሰው ሁሉ የአሌክሳንድሪያ ከተማ ነዋሪ አይደለም። የፖስታ አድራሻችሁ አሌክሳንድሪያ እያለ ቤታችሁ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የምትመርጡበት ጣቢያም፣ የከተማና የካውንቲ ተመራጮቻችሁም ይለያያሉ። ከተማዋ ራሷም በተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ ለ3ኛው፣ ለ4ኛውና ለ5ኛው ወረዳ ተከፋፍላለች። ስካይላይን ወይም ቤይሊስ ክሮስሮድስ አካባቢ የሚኖሩ፣ በአንድ ዕድር ያሉ፣ ከአንድ ሱቅ እንጀራ የሚገዙ ሁለት ቤተሰቦች የተለያየ ወረዳ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ «ጓደኛዬ እገሌን መረጠ፣ እኔም ስሙን ፈልጌ አጣሁት» ያለኝ ወንድም የተታለለ መስሎት ተቆጥቶ ነበር፤ ነገሩ ግን የወረዳ ልዩነት ነበር።

መስመሮቹ ደግሞ ባሉበት አይቆሙም። ከ2010ሩ ቆጠራ በኋላ የተሠራው ካርታ ውስጥ 11 ወረዳዎች ጥቁር መራጮችን በዘር ለይቶ በማጨቅ የተሰመሩ ናቸው ብሎ ፌዴራል ፍርድ ቤት በ2018 ፈረደ፤ የ2019 ምርጫም በተስተካከለ ካርታ ተካሄደ። በ2020 የግዛቲቱ ሕዝብ በሪፈረንደም ካርታውን የሚያሰምር 16 አባላት ያሉት ኮሚሽን እንዲቋቋም ቢወስንም፣ ስምንቱ ሕግ አውጪዎችና ስምንቱ ዜጎች መስማማት ስላልቻሉ ሥራው ለቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተላለፈ። ፍርድ ቤቱ ዲሴምበር 28 ቀን 2021 ያጸደቀው ካርታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ የዋለው በ2023 ነው። ከዚያ በፊት የምታስታውሱት የወረዳ ቁጥር ዛሬ አይሠራም፤ ቤት የቀየራችሁ ደግሞ ምዝገባችሁን በአዲሱ አድራሻ ማስተካከል አለባችሁ።

ይህንን እንደ ትንሽ የወረቀት ጉዳይ አትዩት። በዚያው በ2017 በፍሬደሪክስበርግ አካባቢ ቢያንስ 147 መራጮች በምዝገባ ስህተት የራሳቸው ያልሆነ ወረዳ ወረቀት ተሰጥቷቸው መርጠዋል፤ የ28ኛው ወረዳ ውጤት የተለየው ግን በ73 ድምፅ ነበር። ፍርድ ቤትም ምርጫው እንዲደገም አላደረገም። ሰዎቹ ጣቢያ ሄደዋል፣ ተሰልፈዋል፣ ክቡን አጥቁረዋል፤ ድምፃቸው ግን የሄደው ለሌላ ሰው ወረዳ ነው። ምዝገባን በግዛቲቱ የምርጫ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ማረጋገጥ የሚወስደው ደቂቃዎች ብቻ ነው፤ ለእናት ለአባታችሁም አብራችሁ እዩላቸው።

ሌላው ብዙም የማናወራበት ነገር ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን የሚለዩበት የጁን ወሩ ፕራይመሪ ነው። በአርሊንግተንና በአሌክሳንድሪያ፣ በፌርፋክስም በብዙው ክፍል፣ አንደኛው ፓርቲ እጅግ ስለሚበዛ በኖቬምበር የሚሆነው አስቀድሞ የታወቀ ነው። እውነተኛው ፉክክር በአብዛኛው በጁን ሦስተኛ ማክሰኞ በሚደረገው የፓርቲው ውስጥ ምርጫ ያልቃል። ቨርጂኒያ ውስጥ መራጭ በፓርቲ አይመዘገብም፤ ማንኛውም የተመዘገበ መራጭ በሁለቱም ባይሆንም በአንደኛው ፓርቲ ፕራይመሪ መሳተፍ ይችላል። በዚያን ዕለት ጣቢያዎቹ ጭር ይላሉ። የእኛ ሰው ቢሰለፍ ከየትኛውም ጊዜ በላይ የሚሰማው ያን ቀን ነው፤ የማይታየውም በአብዛኛው ያን ቀን ነው።

የእናታችን ቃል እዚህ ላይ ይመለስብኛል። «የማላውቀውን ሰው» ነበር ያሉት። ለምንድን ነው የማያውቁት? ሰውየው ወይም ሴትዮዋ በራቸውን አንኳኩተው ስለማያውቁ ነው። ለምን አላንኳኩም? ተወዳዳሪዎች በየሰፈሩ ሲዞሩ በእጃቸው የመራጮች ዝርዝር ይይዛሉ። ዝርዝሩ ማንን እንደመረጣችሁ አይናገርም፤ ያ ምስጢር ነው። በየትኛው ምርጫ እንደመረጣችሁና በየትኛው እንደቀራችሁ ግን ያሳያል። ጊዜና ገንዘብ ያጠረው ተወዳዳሪ በየፕራይመሪውና በየወረዳ ምርጫው የሚመጣውን ሰው በር ያንኳኳል፤ ከስሙ ፊት ያለው መዝገብ ባዶ የሆነውን ይዘለዋል። እኛ አናውቃቸውም ብለን አንመርጥም፤ እነሱ ደግሞ አይመርጡም ብለው አይመጡም። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሃያ የሐበሻ ቤተሰብ እየኖረ ተወዳዳሪው ደረጃውን ሳይወጣ ወደሚቀጥለው መንገድ ሲያልፍ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ የተሰማኝ ሐዘን ነው። ተወዳዳሪውን አልወቀስኩትም።

ቋንቋ ሌላው እንቅፋት ነው። የ1965ቱ የመምረጥ መብት ሕግ በ1975 ሲሻሻል የምርጫ ጽሑፎች ከእንግሊዝኛ ሌላ በሌሎች ቋንቋዎችም እንዲቀርቡ የሚያስገድድ ክፍል ተጨምሮበታል። ሕጉ በስም የጠቀሳቸው ግን የስፓኒሽ ተናጋሪ ዝርያ ያላቸውን፣ የእስያ አሜሪካውያንን፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችንና የአላስካ ነባር ሕዝቦችን ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት በፌርፋክስ ስፓኒሽና ቬትናምኛ ግዴታ ሲሆኑ፣ የአፍሪካ ቋንቋዎች ቁጥራችን የፈለገውን ያህል ቢጨምር በዚያ ድንጋጌ ውስጥ አይገቡም። ፖቶማክን ተሻግራችሁ ዲሲ ብትገቡ፣ ከተማዋ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት አማርኛ በመንግሥት ጽሑፎች ላይ ታገኛላችሁ። ግዴታ ባይኖርም የየካውንቲውና የየከተማው የምርጫ ምዝገባ ቢሮዎች የናሙና ወረቀት በአማርኛ ቢያዘጋጁ፣ በጣቢያዎችም አማርኛ የሚችሉ አስፈጻሚዎችን ቢመድቡ የሚከለክላቸው የለም። ጥያቄው ግን ከእኛ መምጣት አለበት። የምርጫ አስፈጻሚነት የቀን አበል ያለው፣ ሥልጠና የሚሰጥበት ሥራ ነው፤ ቢሮዎቹ ሰው ሲያጡ ነው የማያቸው። ሁለቱን ቋንቋ አቀላጥፈው የሚናገሩ ልጆቻችን ቢያመለክቱ መልካም ነው።

ይህ እስኪሆን ድረስ ሁላችሁም ልታውቁት የሚገባ መብት አለ። በ1982 በፌዴራሉ የመምረጥ መብት ሕግ ላይ በተጨመረው አንቀጽ መሠረት ማየት የተሳነው፣ የአካል ጉዳት ያለበት ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል መራጭ ራሱ በመረጠው ሰው ሊታገዝ ይችላል። ረዳቱ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ጎረቤት ወይም የንስሐ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ የማይፈቀደው አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ወኪል ብቻ ነው። ጣቢያው ላይ የእርዳታ መጠየቂያ ቅጽ ይሞላል፤ ረዳቱም በመራጩ ውሳኔ ላይ ተጽዕኖ እንዳያደርግ ይፈርማል። አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው ቢመጡ «ብቻዎን ይግቡ» ተብለው ተመልሰው እንደሄዱ ሰምቻለሁ፤ መብታቸውን የሚነግራቸው ሰው አጠገባቸው አልነበረም። ልጆች ሆይ፣ እናትና አባቶቻችሁን አጅቡ፤ ስታጅቡም የራሳችሁን ምርጫ ሳይሆን የእነሱን ፈቃድ ጻፉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልሰጥ ባልፍ ይጸጽተኛል። የአሜሪካ ዜግነት የሌለው ሰው፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ በዚህ ምርጫ መመዝገብም መምረጥም አይችልም። በመንጃ ፈቃድ ቢሮ ወይም በመንገድ ዳር ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰው ቅጽ ቢሰጣችሁ «ችግር የለውም» ቢላችሁ እንኳ አትፈርሙ፤ በስህተት የተደረገ ምዝገባ የዜግነት ጥያቄን ሊያበላሽ፣ ከአገር እስከ መባረርም ሊያደርስ ይችላል። ዜግነት ያላችሁ ግን የእነዚህን ወገኖቻችሁንም ነገር ይዛችሁ እንደምትሰለፉ አስቡ፤ የሚደነገገው የትምህርት ቤት በጀት የእነሱንም ልጆች ይመለከታል።

ጊዜ የለንም የሚለውን ምክንያት አከብረዋለሁ። ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ለሊት ደለስ ኤርፖርት ተሳፋሪ የሚጠብቅ ሰው ማክሰኞ ቀን መሰለፍ ከባድ ነው። ሕጉ ግን ከምርጫው 45 ቀን በፊት ጀምሮ ያለ ምንም ምክንያት ድምፅ መስጠትን ይፈቅዳል፤ ከምርጫው በፊት ያሉት ሁለት ቅዳሜዎችም ይጨመሩበታል። የሚቀጥለው የምክር ቤት ምርጫ ኖቬምበር 2 ቀን 2027፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 22 ቀን 2020 ዓ.ም. ነው፤ የሴኔቱም 40 መቀመጫዎች በዚያው ቀን ይመረጣሉ። በመሆኑም ቀድሞ ድምፅ መስጠቱ የሚጀምረው በእንቁጣጣሽና በመስቀል መካከል ነው። ለበዓል ዘመድ ጥየቃ ስንዞር አንዱን መንገድ ወደ ምርጫ ጣቢያ ማድረግ ያቅተናል ብዬ አላምንም። በዕለቱም ጣቢያዎች ከጠዋቱ 6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 7 ሰዓት በአሜሪካ አቆጣጠር ክፍት ናቸው፤ ምሽት 7 ሰዓት ሲሞላ ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ሳይመርጥ አይመለስም።

ደግሞስ ሰልፍ እኛን መቼ ከብዶን ያውቃል? ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. አገር ቤት የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከጎሕ በፊት የወጣው ሕዝብ፣ ጃንጥላ የያዙት እናቶች፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ተራውን የጠበቀው ወጣት ዛሬም በዓይኔ ላይ ነው። ያ ምርጫ ከዚያ በኋላ ያስከተለውን ሐዘን እዚህ አላነሳም፤ ለድምፅ ያለንን ፍቅር ግን ያ ሰልፍ ይመሰክራል። ስለ አገር ቤት ማሰባችንንም ማንም አይከለክለንም። ሆኖም ልጆቻችን የሚማሩበትን ትምህርት ቤት፣ የምንነዳበትን መንገድ፣ የምንታከምበትን ካርድ የሚወስነውን ቤት ለሌላ ሰው መተው አይገባንም።

የቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪዎችና የመስጊድ ኃላፊዎች ይህ ፖለቲካ ነውና ከእኛ አይመለከትም እንዳትሉ እለምናለሁ። እገሌን ምረጡ እንድትሉ አልጠይቅም፤ መንፈሳዊ ቤቶቻችን ለአንድ ተወዳዳሪ ባይወግኑ እኔም እመርጣለሁ። የምጠይቀው ከማስታወቂያ መካከል አንድ ደቂቃ ብቻ ነው፤ የምዝገባ ማብቂያውን፣ የጁኑን ቀን፣ የኖቬምበሩን ቀን ማስታወቅ። ዕድሮች በወር ስብሰባችሁ ላይ እያንዳንዱ አባል የወረዳውን ቁጥር እንዲያውቅ አድርጉ። የሬዲዮ አዘጋጆች፣ ከምርጫ በፊት የየወረዳውን ተወዳዳሪዎች ሁሉንም በእኩል ጋብዛችሁ በአማርኛ አስተርጉሙልን። ተወዳዳሪዎች ጥሪ ሲደርሳቸው ይመጣሉ፤ እስካሁን የጠራቸው ስለሌለ ነው። አንድ አባል ሥራውን ለቆ ወይም በሌላ ሹመት ተነሥቶ በበረዶው ወቅት ልዩ ምርጫ ሲጠራም ዜናውን ለማንም አትተዉት፤ እንዲህ ያሉ ምርጫዎች በጥቂት ሰው የሚያልቁ ናቸው።

እኚያ እናት ቤት በቀደም ቡና ጠርተውኝ ነበር። ኮምፒውተሬን ከፍቼ አድራሻቸውን አስገብቼ የወረዳቸውን ቁጥርና የተወካያቸውን ስም አገኘሁና በትልቁ ጽፌ ማቀዝቀዣቸው ላይ፣ ከማርያም ሥዕል ዝቅ አድርጌ ለጠፍኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስሙን ፊደል በፊደል አነበቡት። «ይኼ ሰው ስልክ አለው?» አሉኝ። የቢሮው ቁጥር እንዳለ ነገርኳቸው። «እንግዲያውስ ቁጥሩንም ጻፍልኝ፤ ጉባኤው ሲከፈት ደውዬ የምጠይቀው ነገር አለኝ» አሉና ሁለተኛውን ስኒ ቀዱልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣

ከአሌክሳንድሪያ፣ አንድ የቨርጂኒያ መራጭ